ከቦይ የወጣ መኪና ወዲያው አይጫንም

ከእርሻ ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን

ክረምት ሲገባ የገጠሩ ሥራ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደራረባል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከመጋዘን ተነሥቶ ገበሬው ዘንድ መድረስ ይኖርበታል፤ የታረሰው ማሳ ዘሩን ይጠብቃል፤ ዝናቡ ደግሞ ለማንም ቀጠሮ አይሰጥም። ችግሩ ዕቃው ከሁሉ ይበልጥ በሚፈለግበት ሰሞን መንገዱም ከሁሉ ይበልጥ የሚበላሽ መሆኑ ነው። በዚህ ወቅት መኪና ከመንገድ ወጣ፣ ትራክተር ቦይ ገባ፣ ተሳቢ ተገለበጠ የሚል ወሬ መስማት የተለመደ ነው።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች መኪና እንዳይንሸራተት ስለሚደረገው ጥንቃቄ ብዙ ምክር ሰምተዋል። ከተንሸራተተ በኋላ ስላለችው አንድ ሰዓት ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ስለዚያች ሰዓት መናገር ነው።

አንድ የሐምሌ ምሽት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር፣ በሰሜን ሸዋ ዋልካ መሬት ከሚበዛባቸው ወረዳዎች በአንዱ፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ 90 ከረጢት ማዳበሪያ በጫነ አይሱዙ ተሳፍሮ ወደ አንድ የገበሬ ማኅበር ይጓዝ ነበር። ከቀትር በኋላ የጣለው ዝናብ ገና ማባራቱ ነው። መኪናው ከፊት ለፊት ለሚመጡ የተጫኑ አህዮች መንገድ ለመልቀቅ ወደ ቀኝ ጠጋ ሲል የመንገዱ ጠርዝ ከሥሩ ተናደና በቀኝ በኩል ያሉት ጎማዎች ቦይ ውስጥ ገቡ። መኪናው አልተገለበጠም፤ ቦዩ ውስጥ በነበረ ትልቅ ድንጋይ ላይ ተደግፎ ቆመ። ሰው አልተጎዳም።

የአካባቢው ሕዝብ ተሰበሰበ። ከረጢቱ በሙሉ ወረደ፤ አካፋና ዶማ መጣ፤ ጭቃው ተጠረገ፤ ከጎማው ሥር ድንጋይና ቅርንጫፍ ተነጠፈ። ሰው በመጫኛ እየጎተተ፣ ሞተሩም እያገዘ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መኪናው መንገዱ ላይ ወጣ። እልልታ ሆነ። ሞተሩ ይሠራል፤ መብራቱም ይበራል። ሾፌሩ ጭነቱ ይመለስ አለ፤ ወጣቶቹ ካሶኒው ላይ ለመሳፈር ተሽቀዳደሙ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከጭቃው ወጥቶ ጋቢና ውስጥ ለመግባት ከቸኮሉት አንዱ ነበር።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ግን የጋቢናውን በር ይዘው «ማንም አይወጣም» አሉ።

«ጋሼ፣ ሞተሩ እኮ ይሠራል፤ ምን ሆነና ነው?» አለ ሾፌሩ።

«ገደል የገባ በሬም ሲያነሡት ይቆማል» ሲሉ መለሱለት። «ቆመ ተብሎ ግን በዚያው ቀን አይጠመድም። እግሩን ትዳስሰዋለህ፤ ታራምደዋለህ፤ ውሃ መጠጣቱን ታያለህ። ይኼም እንደዚያው ይታይ።»

ሾፌሩ እያጉረመረመ የስልኩን ባትሪ አብርቶ ከመኪናው ሥር ገባ። ሲወጣ ፊቱ ተለውጦ ነበር። የቀኙ የፊት ጎማ በውስጥ በኩል ርሷል፤ ርጥበቱ ግን የጭቃ ውሃ አልነበረም፤ በጣት ሲነካ የሚያሟልጭ የፍሬን ዘይት ነበር። መኪናው የተደገፈበት ድንጋይ የፍሬኑን ቱቦ ፍቆ ሰንጥቆታል። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጠው መጀመሪያ ያዘለት፤ ረግጦ ሲቆይ ግን ፔዳሉ ቀስ እያለ እስከ ወለሉ ወረደ።

ከዚያ ቦታ ፊት ለፊት ወደ ወንዝ የሚያወርድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት አለ። ዕለቱ የገበያ ቀን ስለነበረ ሰዉና ከብቱ በዚያው ቁልቁለት ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። መኪናው 45 ኩንታል ጭኖና ሰው አሳፍሮ ያን ቁልቁለት ለመጀመር የቀረው የጥቂት ደቂቃ ጊዜ ብቻ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ዋና ነገር አለ። ሞተር ተነሣ ማለት መኪና ደኅና ነው ማለት አይደለም። ሞተር የሚያስኬድ ነው፤ የሚያቆመው ፍሬን፣ የሚያዞረው መሪ፣ የሚሸከመው ባሌስትራና ጎማ ነው። ከቦይ የሚወጣ መኪና ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው በእነዚሁ ከሥር በተሸሸጉት ክፍሎቹ ነው።

ጉዳቱ ለምን ከሥር ይሆናል?

ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር በአገራችን ወደ 12 ሚሊዮን ሄክታር የሚደርስ መሬት ይሸፍናል። በሸዋ፣ በጎጃም፣ በጎንደር፣ በአርሲና በባሌ ደጋዎች በብዛት ይገኛል። ይህ አፈር በበጋ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት ውሃ ሲጠጣ ደግሞ የሚያብጥና የሚያሟልጭ ነው። ጎማው ላይ ሲለጠፍ የጎማውን ጥርስ ስለሚደፍነው ጎማው መንገዱን መቆንጠጥ ያቅተዋል።

በ2003 ዓ.ም የተጀመረው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ብዙ ቀበሌዎችን በጠጠር መንገድ አገናኝቷል። ይሁን እንጂ የጠጠር መንገድ ጥንካሬው መሐሉ ላይ ነው፤ ዳሩ ከሥር ውሃ ከገባበት ከላይ ደኅና መስሎ ከሥር ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በክረምት የሚደርሰው አደጋ ብዙውን ጊዜ መኪናው በጎኑ ተንሸራቶ የሚወድቅበት ነው። በዚህ ጊዜ ኮፈኑና መብራቱ ምንም ሳይሆኑ የሚመቱት ጎማው፣ ቸርኬው፣ ባሌስትራው፣ የመሪው ዘንጎችና የፍሬኑ ቱቦዎች ናቸው። ላይ ላዩን ያየ ሰው ምንም አልሆነም ብሎ የሚታለለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ በፊት ሰው

መኪናው ከመንገድ እንደወጣ የመጀመሪያው ሥራ ሞተሩን ማጥፋትና ሰዎቹን መመልከት ነው። አንገቱን ወይም ጀርባውን አሞኛል የሚል ሰው ካለ፣ እሳት ወይም ጎርፍ የሚያሰጋ ካልሆነ በስተቀር፣ የጤና ባለሙያ እስኪመጣ ከቦታው አይነቃነቅ። የተጎዳ ሰው ካለ የወረዳው ትራፊክ ፖሊስ ሳያይ መኪናው መነሣት የለበትም፤ ሰው ለማዳን ካልሆነ በቀር።

ናፍጣ የሚፈስ ከሆነ ሲጋራ ማጨስና በአካባቢው እሳት ማንደድ ይከልከል። የባትሪው ሽቦ ተልጦ ብልጭታ የሚያሳይ ወይም የሚቃጠል ነገር የሚሸት ከሆነ ሾፌሩ መጀመሪያ የባትሪውን የነጌቲቭ ገመድ፣ ቀጥሎም የፖዘቲቩን ይፍታ። መኪናው ባዘነበለበት በኩልና በታችኛው ቁልቁለት ላይ ማንም ሰው፣ በተለይም ሕፃናት፣ እንዳይቆሙ የማኅበሩ መሪዎች ሊያዙ ይገባል።

በጉተታ ጊዜ የሚደርስ ጉዳት

ብዙ መኪና ከአደጋው ይልቅ በጉተታው ይጎዳል። ስለሆነም ገመድ ከመታሰሩ በፊት ጭነቱ ይውረድ። ከዚያም አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የመኪናው ሆድ ምን ላይ እንዳረፈ ይመልከት። የሞተሩ ዘይት መያዣ ወይም የናፍጣው ታንክ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከሆነ መኪናው ሲጎተት ይቀደዳል፤ ድንጋዩ በዶማ ተፈልፍሎ መውጣት አለበት።

ገመዱ ወይም ሰንሰለቱ የሚታሰረው ሻንሲው ላይ ለመጎተቻ በተሠራው መንጠቆ ነው። የመሪው ዘንግ ላይ፣ ባሌስትራው ላይ ወይም የፊት መከላከያው ላይ ማሰር አንዱን ጉዳት ሁለት ያደርገዋል። ጉተታው በትራክተር ከሆነ ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት በላይ ርቆ ይቁም፤ የተወጠረ ሽቦ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ተመልሶ የሚመታው ሰውን ነው።

ትራክተር በሚጎትትበት ጊዜ ገመዱ ከኋላው ዝቅ ብሎ ባለው የመጎተቻ ብረት ላይ ብቻ ይታሰር። ከኋላ ጎማዎቹ መካከለኛ ዘንግ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ታስሮ ሲጎትት የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሡና ትራክተሩ ወደ ኋላ በነጂው ላይ ይገለበጣል። ይህ የሚሆነው በቅጽበት ስለሆነ ነጂው ለመዝለል ጊዜ አያገኝም።

ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት

መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ከቆመ በኋላ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ማርሽ ይግባ፤ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ ወይም የእንጨት ታኮ ይደረግ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ።

ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የሚከተሉት ሦስት ነገሮች ይታዩ።

አንደኛው የሞተሩ ዘይት ነው። የዘይት መለኪያው ዘንግ ተስቦ ይታይ። ዘይቱ ከተለመደው በታች ከሆነ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ወተት እንደነካው ቡና ከደፈረሰ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል፤ ይህ ሞተር በምንም ምክንያት መነሣት የለበትም።

ሁለተኛው የሞተሩ አየር መሳቢያ ነው። መኪናው ወንዝ ውስጥ ወይም ጎርፍ በሞላው ቦይ ውስጥ ገብቶ ከነበረ የአየር ማጣሪያው ይከፈት። ማጣሪያው ከራሰ ውሃ ወደ ሞተሩ ዘልቆ ሊሆን ይችላል። አየር እንደሚጨመቅ ውሃ አይጨመቅም፤ ስለዚህ ሞተሩ በዚህ ሁኔታ ቢነሣ የውስጡ ዘንጎች ይጣመማሉ። በትንሽ ትዕግሥት ሊድን የሚችል ሞተር በአንድ ቁልፍ ማዞር የሚጠፋበት አጋጣሚ ይህ ነው።

ሦስተኛው የራዲያተሩ ውሃ ነው። ከሥሩ የሚንጠባጠብ ነገር መኖሩ ይታይ፤ ቬንትሌተሩ ተገፍቶ ራዲያተሩን የሚነካ መሆን አለመሆኑ፣ ቺንጋውም በቦታው መኖሩ ይረጋገጥ። ሞተሩ ትኩስ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት ፊትን በፈላ ውሃ ያስጠብሳል።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የዘይት ግፊት መብራት በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ሞተሩ ወዲያው ይቁም።

ፍሬን፣ መሪና ጎማ

በዚህ ክፍል ችኮላ ፈጽሞ አያስፈልግም። አበው ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዳሉት፣ እዚህ ላይ የሚቆጠበው ሩብ ሰዓት ቁልቁለት ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ፍሬን፦ ከአራቱም ጎማዎች በስተውስጥ እየተዞረ ይታይ። ርጥበት ከተገኘ በጣት ይነካ፤ ውሃ ከሆነ ይደርቃል፤ የፍሬን ዘይት ከሆነ ያሟልጫል። የፍሬን ዘይት መያዣው ይታይ፤ ከምልክቱ በታች ወርዶ ከሆነ ዘይት ሞልቶ መሄድ ሳይሆን የሚፈስበትን ቦታ መፈለግ ይገባል። ቀጥሎ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉን ደጋግሞ ከረገጠ በኋላ በኃይል ረግጦ ለ30 ሴኮንድ ያህል ይቆይ። ፔዳሉ ጠንክሮ ከቆመ መልካም ነው። ፔዳሉ እንደተረገጠ ሞተሩ ሲነሣ ጥቂት ዝቅ ብሎ መቆሙ የፍሬኑ አጋዥ እንደሚሠራ ያመለክታል። ሳይቆም መውረዱን ከቀጠለ ግን መኪናው ከዚያ ቦታ አይንቀሳቀስ። በንፋስ የሚሠራ ፍሬን ያላቸው ትልልቅ መኪናዎች ሲሆኑ ደግሞ ንፋሱ እስኪሞላ ተጠብቆ ሞተሩ ይጥፋ፤ ዝም ብሎ ይደመጥ፤ ፉጨት ከተሰማ ወይም የግፊት መለኪያው ቶሎ ቶሎ ከወረደ ቱቦ ተበስቷል ማለት ነው።

መሪ፦ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዙር። የሚይዝበት ወይም ጎማው ባሌስትራን የሚፍቅበት ቦታ ሊኖር አይገባም። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳለ መሪው ተጣሞ የሚታይ ከሆነ፣ ከአደጋው በፊት እንዲህ ካልነበረ፣ የመሪው ዘንግ ታጥፏል። የታጠፈ የመሪ ዘንግን መንገድ ዳር በመዶሻ ማቃናት አደገኛ ነው፤ የተቃና የመሰለው ዘንግ ውስጡ ተሰንጥቆ ድንገት ሊሰበር ይችላል።

ጎማ፦ ጭቃው በውሃና በእንጨት ተፍቆ ይነሣ። ቸርኬው ውስጥ ተለጥፎ የቀረ ጭቃ ራሱ መኪናውን ያንቀጠቅጣል፤ ሌላ ጉዳት ካለም ይሸፍነዋል። የጎማው ጎን ያበጠ ወይም ክሩ እስኪታይ የተቆረጠ ከሆነ ጎማው ይቀየር። የቸርኬው ከንፈር መታጠፉ፣ የጎማው ዳዶዎችም መላላታቸው ይታይ። ከዚያ ጎማው በክሪክ ተነሥቶ ከላይና ከታች ተይዞ ይነቅነቅ፤ የሚንቋቋ ከሆነ ኩሽኔታው ተጎድቷል። ግራና ቀኝ ተይዞ ሲነቀነቅ የሚላላ ከሆነ ጉዳቱ የመሪው መጋጠሚያዎች ላይ ሊሆን ይችላል።

ባሌስትራ፦ እያንዳንዱ ቅጠል ተቆጥሮ ይታይ። አዲስ ስብራት አንጸባራቂ ነው፤ የቆየ ስብራት ግን የዛገ ነው። ቅጠሎቹን በመሐል የሚያያይዘው ብሎን ከተቆረጠ ባሌስትራው ሳይሰበር ጎማዎቹን የተሸከመው ትልቅ ዘንግ ከቦታው ይንሸራተታል። ይህ ጉዳት በዓይን በቀላሉ አይታይም፤ የሚታወቅበት ዘዴ ግን በማንኛውም ገበሬ እጅ ይገኛል።

ገመድና የጎማ ዱካ

ከፊት ጎማው መሐል እስከ ኋላ ጎማው መሐል ድረስ ያለው ርቀት በግራ በኩል በገመድ ይለካና ገመዱ ላይ ቋጠሮ ይደረግ። ያው ገመድ ወደ ቀኝ ተወስዶ ይለካ። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ቆመው ሳለ ቋጠሮው በዓይን በሚታይ መጠን ከተለያየ አንደኛው ወገን ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ተገፍቷል።

ሁለተኛው ዘዴ ዱካ ነው። መኪናው ባዶውን፣ ርጥብና ደልዳላ በሆነ መስክ ላይ 20 ወይም 30 ሜትር ቀጥ ብሎ ይነዳ። ከዚያ ሰው ከኋላው ሄዶ ዱካውን ይመልከት። የኋላ ጎማዎች ዱካ ከፊት ጎማዎች ዱካ በግራና በቀኝ እኩል ርቀት ላይ ካረፈ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የኋላው ዱካ ወደ አንድ ወገን ካደላ ግን መኪናው በጎኑ እንደሚሄድ ውሻ ሆኗል ማለት ነው፤ በዚህ ሁኔታ ጭነት አይሸከምም። የከብቱን ዱካ አይቶ የትኛው እግሩን እንደሚያነክስ ለሚያውቅ ገበሬ ይህ ከባድ ትምህርት አይሆንም።

የሙከራው ጉዞ

ይህ ሁሉ ታይቶ ደኅና ከሆነ ሾፌሩ ብቻውን፣ ያለጭነትና ያለተሳፋሪ፣ ደልዳላ መንገድ ላይ በሰው ርምጃ ፍጥነት ይሞክር። ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ወገን የሚስብ ከሆነ የአንዱ ጎማ ፍሬን አይሠራም፤ ወይም ዘይት የፍሬኑን ሸራ ነክቶታል። ከዚያ ትንሽ ፈጠን ብሎ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ይቁም። የእጅ መዳፍ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሐል ሳይነካ ቀረብ ይደረግ፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የጋለ ካለ ፍሬኑ እየያዘ ወይም ኩሽኔታው እየተፋጨ ነው። መኪናው ከቆመበት ቦታ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ መሬቱ ላይ የተንጠባጠበ ነገር መኖር አለመኖሩም ይታይ። ጎማ ተፈትቶ ከነበረ ዳዶዎቹ ከ50 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ እንደገና ይጥበቁ።

ትራክተር ሲገለበጥ

ተገልብጦ የነበረ ትራክተር በጎማው እንደቆመ ቁልፉን ማዞር አይገባም። ተጋድሞ ሳለ የሞተሩ ዘይት ወደ ሲሊንደሮቹ ሊገባ ይችላል፤ ዘይትም እንደ ውሃ አይጨመቅም። በተጨማሪም የናፍጣ ሞተር የገባበትን ዘይት እንደ ነዳጅ እያቃጠለ ቁልፉ ቢዘጋም አልጠፋ ብሎ ሊፈጥን ይችላል። ስለዚህ ትራክተሩ ቆሞ ዘይቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ ይጠበቅ፤ ሲሊንደሮቹ ባዶ መሆናቸውን መካኒክ ሳያረጋግጥ ሞተሩ አይነሣ።

ነጂውን ከመገልበጥ የሚጠብቀው ከመቀመጫው በላይ ያለው የብረት ደጋፊም ይታይ። አንድ ጊዜ ሸክሙን ተሸክሞ የታጠፈ ወይም የተሰነጠቀ ደጋፊ ይለወጣል እንጂ አይበየድም፤ ብየዳው የብረቱን ጥንካሬ ስለሚለውጠው በሁለተኛው ጊዜ ነጂውን አያድነውም። የግራና የቀኝ የፍሬን ፔዳሎቹን የሚያያይዘው መቆለፊያም ይሞከር። መንገድ ላይ አንዱ ፍሬን ብቻውን ከያዘ ትራክተሩ ተሽከርክሮ ይወድቃል።

ስለ ጭነቱ

የራሰ የማዳበሪያ ከረጢት ከደረቁ ተለይቶ ይቀመጥ፤ አስቀድሞም ለሥራ ይዋል። የማዳበሪያ ጨው ውሃ ሲያገኝ ብረትና የመብራት ሽቦ መጋጠሚያ ይበላል፤ ስለዚህ ከረጢት ተቀዶ ካሶኒው ላይና ሻንሲው ላይ ከፈሰሰ በብዙ ውሃ ይታጠብ። ይህ ካልተደረገ ከአደጋው የተረፈው የፍሬን ቱቦ በዝገት ሊበሳ ይችላል።

ፀረ አረም ወይም ፀረ ተባይ መድኃኒት አብሮ ተጭኖ ከነበረ ጉዳዩ ይለያል። ዕቃው ከተሰበረ ሕፃናትና ከብቶች ይራቁ፤ የሚያወርዱት ሰዎች እጃቸውን ይሸፍኑ፤ መድኃኒት የነካው እህል ለምግብም ለመኖም አይዋል። በመድኃኒት የታሸ ዘር ተበትኖ ቢገኝ ለዶሮም ቢሆን አይሰጥ። የተሰበረው ዕቃም ወንዝ ውስጥ አይታጠብ።

የመሪዎች ድርሻ

ሾፌር ቀኑ ይመሽበታል፤ ባለንብረቱ ይደውልለታል፤ ተሳፋሪው ይጮህበታል። መካኒክ ደግሞ በቅርብ አይገኝም። በዚያች ሰዓት መኪናውን ለማቆም ሥልጣንም ተሰሚነትም ያለው የማኅበሩ መሪ ነው። ስለዚህ መሪዎች ውሳኔውን በሦስት ከፍለው ቢያዩት ሥራቸው ይቀልላል።

በመጀመሪያ፣ ፍሬን የሚያፈስ፣ መሪው የታጠፈ፣ ጎማው ያበጠ፣ ናፍጣ ወይም የሞተር ዘይት የሚፈስ፣ ወይም ዱካው የተጣመመ መኪና ካለበት አይንቀሳቀስም፤ መካኒክ ወደ እሱ ይምጣ። ሁለተኛ፣ ጉዳቱ የጋቢናው ቆርቆሮ፣ ስፖኪዮ ወይም አንድ መብራት ብቻ ከሆነ ባዶውን፣ በቀን፣ ቀስ ብሎ ወደ ጋራዥ ይሂድ። ሦስተኛ፣ ሁሉም ታይቶና ተሞክሮ ደኅና የሆነ መኪና ጭነቱን ይጫን። ሰው ግን ጭነት ላይ በምንም ጊዜ አይሳፈር።

ከዚህ ጋር አንድ የመዝገብ ገጽ ያስፈልጋል። አደጋው የደረሰበት ቀንና ቦታ፣ መኪናው ምን እንደመታ፣ ምን ጉዳት እንደተገኘ፣ ማን እንዳየው ይጻፍ፤ ሾፌሩም ይፈርምበት። የተጎዳው ክፍል በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ። መኪናው የመድን ዋስትና ካለው ለድርጅቱ ሳያስታውቁና ሳያሳዩ ጥገና መጀመር ካሳውን ሊያስቀር ይችላል። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ስለሆነ ማኅበሩ መኪና ሲከራይም ይህ መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

የዚያ ማዳበሪያ መጨረሻ

ከዚያ የሐምሌ ምሽት በኋላ መኪናው ሁለት ሌሊት መንገድ ዳር አደረ። ከረጢቱ በሸራ ተሸፍኖ ዘብ ቆመለት፤ በማግሥቱም ከፊሉ በአህያ እየተጫነ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ተጓጓዘ። ማጉረምረሙ ግን ቀላል አልነበረም። ማሳው ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው ገበሬ ሁለት ቀን ብዙ ነው። ሞተሩ እየሠራ መኪና አስቁመው አስቀሩብን ብሎ ሊቀ መንበሩን በፊታቸው የወቀሰ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መካኒኩ በሞተር ብስክሌት መጣ። የተሰነጠቀውን ቱቦ ፈትቶ ሲያሳይ የወቀሱትም ጭምር ተሰብስበው እየተቀባበሉ አዩት። መካኒኩ ቀጥሎ በገመድ ለካ፤ በቀኝ በኩል ያለው የፊት ባሌስትራ የመሐል ብሎንም ተቆርጦ ተገኘ። ይህን ሾፌሩም በመጀመሪያው ምሽት አላየውም ነበር። ሁለቱም ተቀይረው፣ መኪናው ባዶውን ቁልቁለቱን ወርዶ ከወጣ በኋላ የቀረው ከረጢት ተጫነ።

ሊቀ መንበሩ ወቀሳውን መልሰው አላነሡትም። ለመካኒኩ ግን አንድ ጥያቄ አቀረቡለት፤ ያየውን ሁሉ በቅደም ተከተል እንዲነግራቸው ጠየቁት። እሱ እየነገራቸው የማኅበሩ ጸሐፊ ጻፈው፤ ወረቀቱም መጋዘኑ በር ላይ በውስጥ በኩል ተለጠፈ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከዲፕሎማው ትምህርት ያላገኘውን ይህን ዕውቀት የጀመረው ከዚያ ወረቀት ላይ በመገልበጥ ነው።

በየገበሬ ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢለጠፍ ወጪው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ክረምቱ ሳይገባም ሾፌሮችን፣ የትራክተር ነጂዎችንና የመጋዘን ጠባቂዎችን ሰብስቦ ማስረዳት ይቻላል። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈውም አጭር ነው፦ ሰው ይታይ፤ ጭነት ይውረድ፤ ዘይትና ውሃ ይታይ፤ ፍሬን 30 ሴኮንድ ይረገጥ፤ መሪና ጎማ ይነቅነቅ፤ ገመድ ይለካ፤ ዱካ ይታይ፤ ባዶውን ይሞከር። ይህ ሁሉ ሳይፈጸም ማንም አይሳፈር፤ ምንም አይጫን።